ሩጫ የሌለው ገና

የገና ዕለት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ከኮሎምበስ በስተምሥራቅ ባለ አንድ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ላይ አባቴ ጋሼ ኃይሉን በግጥም ሰደባቸው። ዘመኑ ፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ የሚሉት ነው። እኔ የአሥር ዓመት ሴት ልጅ ነበርኩ፤ ስድቡንም የሰማሁት በሁለቱ መሀል ቆሜ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ሥራዬ ነው። ባለፈው መስከረም የጋዜጣችን አዘጋጅ የአካባቢውን የሕዝብ ጎልፍ ሜዳዎች እየዞርኩ እንድመዝን ላከችኝ። አጨዋወቱ እንዴት ነው? ለሚከፈልበትስ ይበቃል ወይ? ስለዚያ ሜዳ የጻፍኩት ሁሉ ትክክል ነው። ውሃ ይቋጥራል፣ በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለው ሣር ኳስ ያዘገያል፣ መምቻ ቦታዎቹ ወጣ ገባ ናቸው፣ ዋጋው ግን ለማንም አይከብድም። እዚህ የምጽፈው በዚያ ግምገማ ውስጥ ቦታ ያላገኘውን ነው።

ልጅ እያለሁ አባቴ ግሮቭፖርት በሚገኝ መጋዘን ውስጥ ሊድ ነበር። ሊድ ማለት ትንሽ አለቃ ነው፤ የትኛው ጭነት በየትኛው በር እንደሚወጣ ለሠራተኞቹ የሚናገር። አዲስ አበባ እያለ ግን በአንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ጋሼ ኃይሉ። እሳቸው ሲገቡ ይነሣል፣ ፋይላቸውን ይሸከማል፣ በር ይከፍትላቸዋል። እኛ ኮሎምበስ ከገባን ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሳቸውም መጡ፤ ሥራ ፈልገው ሲያገኙም የተመደቡት አባቴ ሥር ነው።

አባቴ ሊያዛቸው አልቻለም። ለእሳቸው የደረሰውን ሥራ ራሱ ይሠራል፣ የሚነሣውን ራሱ ያነሣል፤ ማታ ሲመጣ እናቴ ጀርባውን በቅባት ታሸዋለች። ያን የቅባት ሽታ ዛሬም ከመጋዘን ካርቶን ሽታ ለይቼ አላውቀውም። ከገና ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ማናጀሩ አባቴን ጠርቶ አስጠነቀቀው፤ ወይ ሰውየውን ያሠራል፣ ወይ ሌላ ሊድ ይፈለጋል፤ ሰውየውም ይሰናበታል። ማታ ለእናቴ ሲነግራት እኔ የቤታችን ኮሪደር ላይ ሆኜ ሰማሁ።

‹‹ንገራቸዋ፣ ምን ችግር አለው?›› አለች እናቴ።

‹‹ምን ብዬ? ፊታቸው ቁጭ ብዬ እንኳ የማላውቅ ሰው።››

‹‹እሺ እኔ ልንገራቸው?››

‹‹አንቺማ ማናጀሩንም ታዢዋለሽ።››

ሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ጎልፉን ያመጣው ጋሼ መርዕድ ነው። ጋሼ መርዕድ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ወደ ኒው አልባኒ በኩል ሀብታሞች የሚጫወቱበት ክለብ በር ላይ ሰው ያደርሳል፣ ተሳፋሪው እስኪመለስም በአጥሩ በኩል ያያል። አንድ ቀን ቤታችን መጥቶ ኮቱን ሳያወልቅ፣ ‹‹ይሄ እኮ ገና ነው። ሩጫ የሌለው ገና። ሰዎቹ ከእኛ ወስደው ለሩጫው ሰነፉ›› አለ። ሰው ያገለገለ ዕቃውን ግቢው ውስጥ ከሚሸጥበት ያርድ ሴል አንድ ከረጢት ሙሉ የጎልፍ ዱላ ገዝቶ በታክሲው የኋላ ኮፈን ይዞት ዞረ። ለገና በዓል አባቴና ጋሼ ኃይሉ ፈረቃቸውን ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ሲለዋወጡ፣ ‹‹በሩ ላይ ማንም ማን ነህ የማይልበት ሜዳ አግኝቻለሁ›› ብሎ ይዞን ሄደ።

ከቅዳሴ መልስ ነበር። በረዶው ከሁለት ቀን በፊት ቀልጦ መሬቱ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። የሜዳው ቢሮ ውስጥ እርጥብ ምንጣፍና የተጠበሰ ሽንኩርት ተደባልቆ ይሸት ነበር። ባንኮኒው ላይ የነበረችው ሴትዮ ሦስት ሰዎች በነጠላ ላይ የብርድ ጃኬት ደርበው ሲገቡ ከእግር እስከ ራስ ቃኘቻቸው። በዚያ ብርድ ሌላ ተጫዋች አልነበረም። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች፣ እኔም ተረጎምኩ፦ ‹‹እውነተኞቹ ጉድጓዶች ለብርዱ ተዘግተዋል፣ ጊዜያዊ ጉድጓድ ቆፍረናል ትላለች። ሣሩ ላይ አትሩጡ ትላለች።››

‹‹አልኳችሁ፣ ሩጫ የለውም›› አለ ጋሼ መርዕድ።

እሱ ዳኛ ሆነ፤ አባቴና ጋሼ ኃይሉ ተጋጣሚ፤ እኔ በጉድጓዱ ላይ የሚተከለው ባንዲራ ያዥ። ጋሼ መርዕድ እየሄደ ሜዳውን ይመዝን ነበር። ‹‹መሬቱ ለሩር ይለሰልሳል። ይቺ አሸዋ ደግሞ ለምን አስፈለገች፣ ለግመል ነው?›› በግራ በኩል ጅረት አለ፤ ከጅረቱ ማዶ የባቡር ሐዲድ። ባቡር ሲያልፍ ነጂው እጁን አነሣልን፤ ጋሼ ኃይሉ ባርኔጣቸውን አንሥተው መለሱለት።

ጨዋታው ግን ጨዋታ አልነበረም። አባቴ ሆን ብሎ ይስታል። ጋሼ ኃይሉ የመቱት ኳስ አምስት እርምጃ ሄዶ ሲቆም የእሱ ሦስት እርምጃ ሄዶ ይቆማል። አባቴ በልጅነቱ ገና የተጫወተ፣ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ያደገ ሰው መሆኑን እኔ እንኳ አውቅ ነበር።

‹‹ተስፋዬ›› አለው ጋሼ መርዕድ፣ ‹‹ኳሷ ለማናጀርህ አትናገርም። ምታት።››

‹‹ነፋሱ ነው›› አለ አባቴ።

‹‹የቱ ነፋስ?››

ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር።

ጅረቱ አጠገብ ካለው ጉድጓድ ስንደርስ ጋሼ ኃይሉ ዱላቸውን አነሡ፣ መቱ፣ ኳሷ ግን ከቦታዋ አልነቃነቅም አለች። ደግመው መቱ፤ የጭቃ ቁራጭ ተነሥቶ ጫማዬ ላይ ወደቀ። በሦስተኛው ኳሷ ዘላ ውሃ ገባች። ጋሼ መርዕድ አባቴን አየው። በገና ጨዋታ ተሸናፊን የሚሰድብ ግጥም የደንቡ ግማሽ ነው፤ ዝም ያለ እንዳልተጫወተ ይቆጠራል። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ጋሼ ኃይሉ ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆሙና፣ ‹‹እየጠበቅኩ ነው፣ ተስፋዬ›› አሉ።

‹‹ኧረ ጌታዬ…››

‹‹በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። ውሸት ነው እንዴ የነገሩን?››

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁ መጀመሪያ ቀጭን ነበር።

‹‹የኃይሉ ጉልበቱ ማኅተም ላይ ነበር፣
ይህችን ትንሿን ኳስ በምን ያባርር?››

ባንዲራው እጄ ውስጥ ከበደኝ። አባቴን በእሳቸው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል። ጋሼ መርዕድ ሊስቅ ብሎ አፉን ያዘ። ጋሼ ኃይሉ ኳሷ የገባችበትን ጅረት አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነበር። ሳቁን ጨርሰው፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መለሱ፦

‹‹አለቃስ አየሁኝ ከሹም የተለየ፣
ማዘዝ እያፈረ ሲሸከም የታየ።››

ጋሼ መርዕድ አልሳቀም። አባቴም አልሳቀም። እሳቸው ለካ ያዩ ነበር፤ የእሳቸውን ጭነት እያነሣ ጀርባውን ሲይዝ፣ ማናጀሩ ሲጠራው፣ ሁሉንም። ሌላ ቀን ሊሉት የማይችሉትን፣ እሱም ሊሰማው የማይችለውን ነው ያሉት።

‹‹ምታ እንጂ›› አሉ ጋሼ ኃይሉ፣ ‹‹ልጅቷን በብርድ ገደልካት እኮ።››

አባቴ መታ። ኳሷ ከጉድጓዱ አልፋ፣ ጅረቱን ተሻግራ፣ ሐዲዱ ጥግ ያለ ደረቅ ሣር ውስጥ ገባች። ‹‹ይኸው የደብረ ብርሃን ልጅ›› ብሎ ጋሼ መርዕድ ሊሮጥ ተነሣ፤ ሴትዮዋ ያለችው ትዝ ብሎት ይመስለኛል፣ በፍጥነት እየተራመደ ሄደ። ኳሷን አላገኘናትም።

የአባቴ መኪና ውስጥ ስንገባ ማሞቂያው ጫማችን ላይ ያለውን የጭቃ ሽታ አስነሣው። የዱላው ከረጢት የፊት ወንበሩን ስለያዘ ከኋላ በጋሼ ኃይሉና በጋሼ መርዕድ መሀል ተቀምጬ ነበር። ጋሼ መርዕድ ስለ ሜዳው ፍርዱን ሰጠ፤ ‹‹ለገና ሜዳነት ከመቶ አርባ። ለዋጋው ግን ከመቶ መቶ።›› ጋሼ ኃይሉ፣ ‹‹ጭቃውን ጨምርበት›› አሉ። አባቴ እየነዳ በመስታወቱ በኩል ያያቸው ነበር።

አሁን በከተማችን ገና የሚከበረው በኪራይ አዳራሽ ነው። ድምፅ ማጉያ አለ፤ ሰው ብዙ ነው፤ ልጆቹ ጥግ ይዘው ስልካቸውን ያያሉ፣ ሲጠሯቸው በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፤ እኔም በዕድሜያቸው እንደዚያው ነበርኩ። ጎልፍ የሚጫወቱ የእኛ ልጆችም አሉ፤ የራሳቸው ዱላ፣ የራሳቸው ጓንት አላቸው፣ ስለ አመታታቸው ሲያወሩ ደስ ይላሉ። ግን አንዱ ሌላውን በግጥም ሲሰድብ አልሰማሁም። ጋሼ መርዕድ ወደ ዳላስ ሄዷል። ጋሼ ኃይሉ አርፈዋል። ባለፈው መስከረም ሜዳው ላይ ብቻዬን ስሄድ ጅረቱ አጠገብ ቆምኩ፤ ባቡር አልፎ ነጂው እጁን ሳያነሣ ሄደ። የደረቀው ሣር እዚያው ነው። ኳስ ፍለጋ ገባሁበት፤ አንድ ያረጀች ኳስ አግኝቼ ጣልኳት፣ የማን እንደሆነች የማረጋግጥበት መንገድ የለኝምና። ዓመት ጠብቆ ሰው ለሰው እውነት የሚናገርበትን ያን የአንድ ቀን ፈቃድ ግን ከዚያ ወዲህ በሌላ ቦታ አላገኘሁትም፤ ይናፍቀኛል።

ከዚያ የገና ዕለት በኋላ መጋዘኑ ውስጥ የሆነውን በልጅነቴ አላየሁም። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ጋሼ ኃይሉን፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ አባቴን ለየብቻ ጠይቄአቸዋለሁ፤ የነገሩኝ አንድ ነው። ከገና ማግስት ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ፓሌቱን፣ በእንጨት መደብ ላይ የተደረደረውን ዕቃ፣ ይጠብቅ ነበር። አባቴ፣ ‹‹ጋሼ ኃይሉ፣ ያንን ፓሌት ወደ ሦስት ቁጥር ያምጡልኝ›› አለ። ጋሼ ኃይሉ አመጡት።