በነጠላ ጫፍ የተቋጠረ ሽምብራ

እኅቴ ዛሬ ጠዋት ከቡሬ በሚኒባስ አንድ ጀሪካን ላከችልኝ። የግሽ ዓባይ ጠበል ነው። ክዳኑን ስከፍተው የእርጥብ አፈርና የሣር ሽታ ወጣ። እጀታው ላይ ደግሞ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ታስሯል። ቋጠሮውን ሳልፈታ፣ እዚህ ፍኖተ ሰላም ቤቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ልጆች ሳለን የምንኖረው ማንኩሳ ነበር። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ፣ እሷ ዘጠኝ። የአባታችን አርባ ከወጣ ጀምሮ የእኅቴ አንደበት ተዘጋ። እናታችን እሷን አቅፋ ትተኛለች፤ ወተቱም ለሷ ነው። ጎረቤት ገና ከበር ሲገባ "ልጅቱ እንዴት ዋለች?" ይላል። ንፍሮ የቀቀልኩት፣ ውኃ የቀዳሁት፣ ለቀስተኛ የሸኘሁት እኔ ነኝ፤ "አንቺስ?" ያለኝ ግን የለም። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም ይላሉ፤ በእኛ ቤት ዝም ያለችው አገኘች። እውነቱን ለመናገር፣ በዝምታዋ ቀናሁባት። ቅናቱ እንደ ቃር ያቃጥለኝ ነበር።

እናታችን ግሽ ዓባይ ልታስጠምቃት ስትነሣ እኔን ስንቅ እንድሸከም አስከተለችኝ። ጠበልተኛ በሚያድርበት ጎጆ አደርን። እህል የቀመሰ ሰው እዚያ ጠበል አይገባም፤ ይህን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። ሲነጋ እናቴ የራሷን ባለ ጥለት ነጠላ አውልቃ ለእኅቴ አለበሰቻት። እኔም እጠመቅ እንደሆን እንኳ አልጠየቀችኝም። ብግን አልኩ። ከስንቁ የሽምብራ ቆሎ ዘገንኩና እናቴ ፊቷን ስታዞር ለእኅቴ ሰጠኋት፤ ብዪ፣ ምንም አይልም አልኳት። የቀረውን ራሴ ቆረጠምኩት። ለአንድ ቀን እሷም ይቅርባት፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ሰልፉ ላይ ጤዛው እግራችንን አረጠበው፤ ከፊታችን የሚጠመቁት "እግዚኦ" ይላሉ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው እህል የቀመሰ እንዳይገባ እያስጠነቀቁ ያስገባሉ። በልቶ የገባን ጠበሉ ይቀጣል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። እኅቴ ደግሞ ቀምሻለሁ ብላ መናገር አትችልም። ተራዋ ሲደርስ ከፊቷ ገብቼ ቆምኩ።

"አባ፣ እሷ አትግባ። ቆሎ አብልቻታለሁ።"

እናቴ ልትመታኝ እጇን አነሣች። ቄሱ ከለከሏትና ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ጠየቁኝ።

"እኔም እኮ አባቴ ሞቶብኛል" አልኩ።

የእናቴ እጅ እንደተነሣ ቀረ። ይኼኔ እኅቴ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። ሽምብራው አንድም ሳይጎድል እዚያው ተቋጥሯል። መዳፌ ላይ ገለበጠችውና አጠገቤ ቁጭ አለች። ቄሱ ግቢ ቢሏት፣ እናቴ ብትጎትታት፣ ወይ ፍንክች። የበላሁት እኔ ስለሆንኩ በዚያ ቀን መጠመቅ አልችልም ነበር፤ እሷም እስከ ማግስቱ ጠበቀችኝ።

በማግስቱ ሦስታችንም በባዶ ሆዳችን ገባን። ውኃው እንደ መርፌ ይወጋል። ቄሱ እያፈሰሱብኝ፣ እግዚአብሔር ዝም ያለውንም የሚናገረውንም ቁስል ያያል አሉኝ። አባቴ ከሞተ ለመጀመሪያ ጊዜ እዬዬ ብዬ አለቀስኩ። እናቴ እርጥብ ልብሴን ሳትጠየፍ አቅፋኝ "ይቅር በዪኝ ልጄ፣ አላየሁሽም" አለችኝ። የዚያን ቀን ደረቴ ቀለለኝ።

እኅቴ ከወር በኋላ ተናገረች። የመጀመሪያ ቃሏ "እማ" ነበር። የእኔን ስም ብትጠራ ምን ነበረበት ብዬ ትንሽ ቀናሁ። ጠበልም ሁሉን ባንድ ቀን አያጥብም።

እናታችን ባለፈው ክረምት አረፈች። ያን ነጠላ ለእኅቴ ይሁን ብላ ተናዘዘች። እኔስ? ብዬ አልተናገርኩም፤ ሆዴ ግን ብሏል። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ብሏል።

ቋጠሮውን አሁን ፈታሁት። የሽምብራ ቆሎ ነው። ጨርቁን ዘርግቼ ሳየው ጥለቱን አወቅሁት፤ የእናታችን ነጠላ ግማሹ ነው፣ ከመሐል ለሁለት ተቀዷል። ወዲያው ደወልኩላት። ጠበሉን እህል ሳልቀምስ እንድጠጣ፣ ቆሎው ከዚያ በኋላ እንደሆነ ነገረችኝ። እንዲህ ያለ ነጠላ ለምን ትቀጂያለሽ ብዬ ተቆጣኋት።

"አንቺም እኮ እናትሽ ሞታብሻለች" አለችኝ።