ፀሐይ የተከለከለው ነጭ ኤሊ

ጎረቤቴ ኔሪዳ ፓስኮ ፀሐይን የምትጠላውን ያህል ሰው አማቱን አይጠላም። ያውም ሬንማርክ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ከተማ እየኖረች! ያለ ኮፍያ በደጇ ያለፈ ሰው ካየች የፀሐይ ቅባቷን ይዛ ታሳድደዋለች። ፖስተኛውን እንኳ ሞተሩ ላይ እንዳለ ጆሮውን ቀብታዋለች። እኔ ሮይስ፣ ይሄ ቀይ አፍንጫ ያለኝ ሰውዬማ፣ የዕለት ሲሳይዋ ነበርኩ።

ምክንያት አላት። ባሏ ክሌም ዕድሜ ልኩን እጅጌ በሌለው ካናቴራ ወይን ሲገርዝ ኖሮ፣ አንገቱ ላይ የወጣችውን ጥቁር ነጥብ "ምንም አይደለችም" እያለ ለሐኪም ሳያሳይ ሞተ። ግትር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ትቶላት የሄደው ደግሞ አንድ አልቢኖ የውሃ ኤሊ ነው። ቆዳው ወተት፣ ዓይኑ ቀይ። ነጭ ለብሶ፣ ቁጭ ብሎ፣ እስኪያጎርሱት የሚጠብቅ ሌላ ማን አለ ብሎ ክሌም "ጳጳሱ" የሚል ስም አወጣለት። "ኔሪ፣ ጳጳሱን አደራ" አላት፤ የመጨረሻ ቃሉ ይቺው ናት። እኔ ብሆን ስለ ሚስቴም አንድ ነገር ጣል አደርግ ነበር፣ ግን ክሌም ክሌም ነው።

አደራ በላ እንዳትባል ምን ያላደረገችው አለ! ውሃውን ታሞቃለች፣ ታጣራለች። እንዲህ ነጭ ሆኖ የተፈለፈለ ኤሊ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ፣ ትንንሽ ዓሣ በወረንጦ ይዛ አፍንጫው ሥር ታስጠጋለታለች። እስከዚህ ደህና። ግን ገንዳውን መስኮት የሌለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ከተተችው፤ አምፖሉን በፎጣ ሸፈነችው። ውሃ ልትቀይር ስታወጣው ደግሞ ጀርባውን ቅባት ቀብታ፣ በኪሮሽ የሠራችውን ኮፍያ ትደፋበታለች። ለኤሊ! ቤቱን ተሸክሞ ለሚዞር ፍጡር!

"ሴትዮ፣ አብደሻል" አልኳት።

"ዝም በልና አፍንጫህን አምጣ" አለችኝ፣ ቅባቱን እየጨመቀች።

ክረምቱ ሲያልቅ ጳጳሱ መብላት አቆመ። ጀርባው ውሃ እንደነካው ዳቦ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉድ ጀመር። የኔሪዳ ፊት አመድ መሰለ። "ይሄም ከሞተ ክሌምን ምን ብዬ ነው የማየው?" አለች። በመኪናዬ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ከነፍን።

ሐኪሟ ጀርባውን ጫን ጫን አድርጋ አየችና "ፀሐይ ያገኛል?" አለች።

"አንድም ቀን አግኝቶት አያውቅም!" አለች ኔሪዳ፣ ደረቷን ነፍታ።

"እሱ ነዋ ያሳመመው፣ እማማ ኔሪዳ። ኃይለኛ ብርሃን የሚጎዳው ዓይኑን ነው፤ ቅርፊቱ ግን ያለ ፀሐይ አይጠነክርም። መድኃኒት እሰጥዎታለሁ። ቅባቱን ያጥቡለትና ጠዋት ጠዋት ያውጡት፤ ሲበቃው የሚገባበት ጥላም ያብጁለት። ከአጠገቡ ግን እንዳይነሱ። ነጭ ስለሆነ ቁራ ከሩቅ ያየዋል፣ እሱ ግን ቁራውን አያየውም።"

መኪና ውስጥ ኔሪዳ በንዴት ፈነዳች። "ባሌን ለበላ ፀሐይ ይሄንንም በእጄ ላጉርሰው?"

"እንግዲያው እኔ አወጣዋለሁ።"

"አንተ? ገና ሳትቀመጥ የምታንኮራፋው? ቁራው አንተንም ጭምር ይወስድሃል!"

በማግስቱ ጠዋት በአጥሩ ላይ ሳይ ሳሩ ላይ ተቀምጣለች። ሰፊ ኮፍያ፣ ረጅም እጅጌ፣ ጓንት፣ ጥቁር መነጽር፤ ማር ልትቆርጥ የመጣች ነው የምትመስለው። ጳጳሱ ሳፋ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ። አጥሩ ላይ አንድ ቁራ ጎምዥቷል። "ሂድ ከዚህ፣ ሌባ!" ትለዋለች፤ ከፀሐዩ ግን ንቅንቅ አትልም። ቀልዴን ትቼ ወንበሬን ይዤ ወደ ግቢዋ ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ጠዋታችን ሁሉ እንዲሁ ሆነ፤ እሷ ፀሐይን ትሰድባለች፣ እኔ ቁራውን።

የጳጳሱ ጀርባ ቀስ በቀስ ጠጠር አለ፤ ምግብ ግን እምቢ እንዳለ ነው። አንድ ቀን ጓንቷን አውልቃ ዓሣውን በወረንጦ ስታስጠጋለት፣ ጳጳሱ ዓሣውን ስቶ ጣቷን ግጥም አድርጎ ነከሰው።

"አንተ ከይሲ!" ብዬ ላላቅቃት ብድግ አልኩ።

"እንዳትነካው! ይንከሰኝ!" ጮኸች። ደሟ ሳፋው ውስጥ ይንጠባጠባል። ጳጳሱ ጣቷን ለቀቀ፣ ዳበሰ፣ ዓሣውን አገኘና ዋጠው። ኔሪዳ ወደ ሰማይ ስታንጋጥጥ ኮፍያዋ ወደቀ። "ክሌም! አንተ ደንቆሮ! በላልህ! ይኸው በላልህ!" እያለች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ክሌም ከተቀበረ ወዲህ ፀጉሯን ፀሐይ ላይ አይቼው አላውቅም ነበር። ሸብቷል፤ ያምራል። ኮፍያዋ ትዝም አላላት።

ቅባቱን ከሳሩ ላይ አንስቼ መዳፌ ላይ ጨመቅሁ።

"ነይ፣ አፍንጫሽን አምጪ" አልኳት።

ዓይኗን ጨፍና ሰጠችኝ። "አንገቴንም" አለች ቀስ ብላ። "አንገቴን እንዳትረሳ።"