ከባሕር ዳር እስከ ማክሰኚት ከሦስት ሽማግሌ ጋር

ባሕር ዳር፣ ጎህ ሲቀድ

ሽማግሌ ሲላክ ሙሽራ አይከተልም። ወጉን እኔም አውቀዋለሁ። ግን ከላክኋቸው ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ ከወረታ ወዲያ፣ ሌላው ከታንኳ ወዲያ አያውቁም፤ ማክሰኚት ብዬ ሰድጃቸው መተማ ቢገኙስ? ስለዚህ ጎንደር ጉዳይ አለኝ ብዬ ከምሠራበት ፋብሪካ ፈቃድ ወሰድሁና፣ እንደማላውቃቸው ሆኜ አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላቸው ተቀመጥሁ።

መሪጌታ ጥበቡ የእናቴ አጎት ናቸው፤ ጣና ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ያስተምራሉ። አያ ደምሌ ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደንገል እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ ኖረው፣ ሞተር ካለው ነገር ላይ ሲወጡ ዛሬ የመጀመሪያቸው ነው። አብረው ሊሄዱ የነበሩት ሦስተኛው ሽማግሌ ሌሊቱን ሆዳቸውን አሟቸው ቀሩ።

«ሁለት ሆነን እንዴት እንሂድ?» አሉ አያ ደምሌ።

«ሦስተኛውን እግዚአብሔር ከመንገድ ይሰጠናል» አሉ መሪጌታ። እግዚአብሔርም ሰማቸው። ምነው ባልሰማቸው!

የምትጠየቀው ውዴ የምትባል ልጅ ናት። ፋብሪካ አብረን እንሠራለን፤ አሁን ዕረፍቷን ወጥታ ወላጆቿ ዘንድ ናት። አባቷን አይቻቸው አላውቅም። አቶ ሞላ እንደሚባሉና ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ የመጡ ሽማግሌዎችን በቁማቸው እንደመለሱ ብቻ ነግራኛለች። «አንተንም እንቢ ካለህ በቃ ነው፤ አባቴን አሳዝኜ የትም አልሄድም» ብላኛለች። ውዴ ደግሞ ካለች አለች ነው።

«ልጄ፣ ስንቁን አቀብለኝ» አሉኝ አያ ደምሌ ዞር ብለው። ገና አውቶቡሱ ሳይነሳ ረስተውታል! እኔም እንደ እንግዳ ሰው «እኔን ነው አባቴ?» አልሁ። መሪጌታ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

የዓባይ ድልድይ

ኬላ። ሁላችንም ወርደን ተሰለፍን። ከድልድዩ ሥር ውሃው ቡናማ ሆኖ እየተጋፋ ይወርዳል፤ ቆም ብሎ ማየት ግን አይፈቀድም። ወታደሩ የይለፍ ወረቀቱን አገላብጦ አየና መሪጌታን፣

«የጉዞዎ ዓላማ ምንድን ነው?» አላቸው።

«አይነገርም» አሉ መሪጌታ።

በዚያ የጦርነት ዘመን ኬላ ላይ የማይነገር ዓላማ ይዞ መቆም ምን እንደሚያስከትል ሕፃን እንኳ ያውቃል። መሪጌታ ግን የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሽምግልና ጉዳይ መንገድ ላይ ከተዘራ ምቀኛ ይቀድማል።

«ለመንግሥትም አይነገርም?»

«ለማንም አይነገርም።»

ይኼኔ ከሰልፉ መሐል ካኪ ኮት የለበሱ፣ ወፍራም ዱላ የያዙ ረዥም ሽማግሌ ብቅ አሉ። «ልጄ፣ እነዚህ ሚስት ጠያቂዎች ናቸው። ነጭ ነጠላቸውን አታይም? የሰው ልጅ ስም መንገድ ላይ አይጠራም፤ አገርህ ይህ ወግ የለም?»

«አገሬማ አለ» አለ ወታደሩ። «አገሬ ግን ሽማግሌ ሦስት ነው። እነዚህ ሁለት ናቸው። ሦስተኛው የታለ?»

ሰውየው «ሦስተኛው እኔ ነኝ» አሉ።

«ካቦ፣ እርስዎ ካሉበትማ እለፉ» አለ ወታደሩ።

ካቦ የሚሏቸው የመንገድ ጥገና ሠራተኞች አለቃ ስለነበሩ ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ በሌላ ስም የሚጠራቸው የለም። አውቶቡሱ ውስጥ መጥተው በሁለቱ መካከል ተቀመጡ። «ዋሽቼ አላውቅም፤ አሁንም ውሸታም አልሆንም። ካልሁ አልሁ ነው፤ እስከ ደጁ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

«የልጅቱን አባት ስም ግን ደጃፉ ስንደርስ ነው የምንነግርዎ» አሉ መሪጌታ።

«መች ጠየቅሁ?» አሉ ካቦ፤ ቆጣ ብለው።

ወረታ፣ ረፋድ ላይ

ሐሙሲትን አልፈን ወረታ ለቁርስ ወረድን። ጭቃ፣ የፎገራ ላሞች፣ ስሙኒ የሚከፈልበት ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ትናንት የተጋገረ ዳቦ። እኔ ለብቻዬ፣ ሦስቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ። ካቦ ሹመታቸው ደስ ብሏቸዋል፤ ያስተምራሉ።

«እንቢ ለሚል አባት መድኃኒቱ አንድ ነው፤ አለመቀመጥ። ተቀመጡ ቢላችሁ፣ ‹ልጃችንን ልጄ ሳይሉ አንቀመጥም› በሉ። ዝናብ ቢመጣ ቁሙ። የተቀመጠ ሽማግሌ ጠላ ጠጥቶ ባዶውን ይመለሳል።»

«አሻፈረኝ ቢልስ?» አሉ አያ ደምሌ።

«‹ቋንጣ አድርገህ ልትሰቅላት ነው?› በሉት! ሠርቶ አደር ልጅ መጥቶለት እንቢ የሚል አባት ጅል ነው።»

እኔ በሻዬ ላይ አጎንብሼ ልቤ በደስታ ዘለለ። እንዲህ ያለ ሽማግሌ በጸሎት ቢፈለግ አይገኝም።

ከአዲስ ዘመን ወዲያ፣ ዳገቱ ላይ

አዲስ ዘመንን እንዳለፍን አውቶቡሱ ማቃሰት ጀመረ። መንገዱ ተራራውን እንደ መቀነት ይዞረዋል፤ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ድንጋይ። ካቦ ተነሥተው ብረቱን ይዘው ታሪኩን ለመላው ተሳፋሪ ያወሩ ጀመር።

«አስቀድሞ የበቅሎ መንገድ ነበር። ነጋዴው ጨው ጭኖ ይወጣል፣ ቡና ጭኖ ይወርዳል። ኋላ ጣሊያን መጣና ተራራውን በድማሚት አፈነዳው። ጣሊያን ሲሄድ የንጉሡ መንግሥት አሰፋው። እንዳይናድ አድርጎ ያቆየው ግን ማነው? እኔ!»

«ጉድጓዱንስ ማን ሠራው?» አለ ሾፌሩ፤ አውቶቡሱ ዘሎ ሲወድቅ።

«እሱ እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው።»

ኩርባው ሁሉ ስም አለው። ስሙም እዚያ ላይ የተገለበጠ መኪና የጫነው ነገር ነው። የበርበሬ ኩርባ፤ አገሩ ሁሉ ሲያነጥስ ሰነበተ። የቢራ ኩርባ፤ «ያን ቀን መንገድ ሊጠርግ ያልመጣ ሠራተኛ አልነበረኝም።» የሳሙና ኩርባ፤ ዝናብ ዘንቦ ቁልቁለቱ አረፋ በአረፋ ሆነ። አያ ደምሌ ግን ታሪክ የሚሰማ ጆሮ የላቸውም። በታንኳ ልማዳቸው በየኩርባው «ወደ ግራ! ሁላችሁም ወደ ግራ ዘንበል በሉ፣ ትገለበጣለች!» እያሉ ይጮኻሉ። የሚገርመው፣ ግማሹ ተሳፋሪ ይታዘዛቸዋል። እኔም ሁለት ጊዜ ዘንበል ብያለሁ።

አናቱ ላይ ሾፌሩ ሞተሩን ውሃ ሊያጠጣ አቆመ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለሽንት ወደ ቁጥቋጦው ሄዱ። ካቦ እኔ አጠገብ መጥተው ቆሙ። ታች፣ ሩቅ፣ ጣና ተዘርግቷል።

«ይህኛው ኩርባስ ማን ይባላል?» አልኋቸው፤ ለጨዋታ ያህል።

«ይህ ስም የለውም።» ዱላቸውን ተደገፉ። «ወንዱ ልጄ በወታደር መኪና ሲያልፍ እጁን ያወዛወዘልኝ እዚህ ላይ ነው። አካፋ ይዤ ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬውም አልተሰማ።»

«እግዜር ያውጣው» አልሁ።

«አሜን። አሁን የቀረችኝ ሴቷ ናት። ውዴ። ባሕር ዳር ፋብሪካ ገባችብኝ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጣ፤ ሁለቱንም መለስሁ። ይህ መንገድ አንድ ልጅ ወስዶብኛል። ሁለተኛ አልሰጠውም!»

«ቅድም እንቢ የሚል አባት ጅል ነው አላሉም?»

«የእኔ ሌላ ነው» አሉና ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ።

ወይ ጉድ! ከዚህ ሁሉ መንገደኛ መርጠን የልጅቱን አባት የገዛ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሽማግሌ አድርገን ይዘን እንሂድ?

ለመሪጌታ መንገር አለብኝ። ግን ካቦ በመካከላቸው ተቀምጠዋል፤ እኔም እንግዳ ነኝ። አሳልሁ። ደግሜ አሳልሁ። መሪጌታ ዞር ብለው አዩኝና፣ «ይህ ልጅ ሳንባው ነው፤ መስኮት ክፈቱለት» አሉ። እስከ ማክሰኚት ድረስ ንፋሱ አንጀቴን ሲገርፈው መጣሁ።

ማክሰኚት፣ ከሰዓት በኋላ

ካፊያ ይዟል። ሦስቱ ከፊት፣ እኔ ራቅ ብዬ ከኋላ። ካቦ «ይህ እኮ የእኔም ሰፈር መንገድ ነው» እያሉ ይመራሉ። አንድ የቅንጭብ አጥር ደጃፍ ሲደርሱ መሪጌታ ቆሙ።

«እንግዲህ ልጅቱ በሰጠችው ምልክት ከሆነ ደርሰናል። የአባትየው ስም አቶ ሞላ ነው።»

ካቦ መሪጌታን፣ ከዚያ አጥሩን አዩ። እኔ አጥሩ ጥግ ተለጥፌ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«እንቢተኛ ነው ይላሉ» አሉ አያ ደምሌ። «ግን እርስዎ ያስተማሩን ይበቃዋል።»

የቤቱ በር ተከፈተና የውዴ እናት ብቅ አሉ። «ምነው ከዝናብ ላይ ቆሙ? ይግቡ እንጂ!» አሏቸው ባላቸውን።

ካቦ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «አልገባም። ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት።»

«የማን ሽማግሌ?»

«የወንዱ።»

ሴትየዋ ሦስቱንም ተራ በተራ አዩዋቸው። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው በወጉ እጅ ነሡ። «እንኳን ደህና መጣችሁ። ነገር ግን የልጅቱ አባት የሉም። ባሕር ዳር ለጡረታቸው ጉዳይ ሄደዋል። ሲመጡ እነግራቸዋለሁ፤ ሳምንት ተመለሱ።» በሩን ዘጉት።

«ኧረ ቤቴ ነው እኮ!» ብለው ጮኹ ካቦ።

«ሽማግሌ ደጅ ላይ አይጮኽም» አሉ ሴትየዋ ከውስጥ።

መሪጌታ ወደ ካቦ ዞሩ። «እርስዎ ራስዎ ነዎት እንዴ አቶ ሞላ?»

«እኔ ነኝ፤ ምን ላድርግ?»

አያ ደምሌ ግን ትምህርታቸውን አልረሱም። «ታዲያ ቋንጣ አድርገው ሊሰቅሏት ነው?» አሉ።

ካፊያው ወደ ዝናብ ተለወጠ። ውሃው ከካቦ ባርኔጣ ጫፍ ይንጠባጠባል። እኔ አሁንስ አበቃልኝ አልሁ።

«እዚያ ዳገት ላይ ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ያነሳሁት ሰው እንዲያልፍ ነው» አሉ ካቦ በመጨረሻ። «አንድም ቀን ማንንም አግጄ አላውቅም።» በሩን ገፍተው ገቡ። ጥቂት ቆይተው ሁለቱን ጠሯቸው። በሩ እንደገና ተዘጋ።

መግባት መቀመጥ አይደለም፤ ልጄ ሳልባል አይቀመጡም። አጥሩ ሥር ቆሜ፣ ጫማዬ ውሃ ሞልቶ፣ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ ከመጀመሪያው ስጀምር፣ ውዴ ጋቢ ተከናንባ በጓሮ በኩል መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ የለቅሶ ይሁን የሳቅ መለየት አቃተኝ።

«አንተ ሞኝ፣ ወጉን አፍርሰህ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ተቀመጡ?»

«መሪጌታ ተቀመጡ። አያ ደምሌም፣ ቤቱ እንዳይጋደል ብለው መሐል ላይ ተቀመጡ።»

«አባትሽስ?»

«ከእነሱ ጋር ቆሞ ነበር። ከዚያ ሄዶ የራሱ ቦታ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። ‹ልጄ ነው፤ በየወሩ ይዟት ይምጣ› ብሏል። አንድ ወር ቢቀር ዱላዬን ይዤ ባሕር ዳር እመጣለሁ ብሏል።»

ልጄ ከተባልሁማ ብዬ፣ እኔም እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ።