ቀስ ብለን ተነሳን

ዛሬ የክፍላችን ልጆች በሙሉ እንደ ሽማግሌ ወገባቸውን ይዘው፣ እያቃሰቱ ተነሱ። ጥፋቱ የኔ ነው።

የልብ ምቴን የሚያስተካክል ክኒን ከጀመርኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። እጄ በረዶ ሆኗል፤ የጨበጠኝ ሁሉ "ከሐይቅ አሁን ነው የወጣኸው?" ይለኛል።

ቶሎ ከተነሳሁ ደግሞ ያዞረኛል። ሐኪሙ ቀስ ብለህ ተነሳ ብሎኝ ነበር። ሰኞ ግን የሒሳብ ቲቸር ሲገቡ ከሁሉም ጋር ብድግ አልኩና ዴስኩ ላይ ተዘረርኩ። ሳቁብኝ። ክኒኑን ልተወው አሰብኩ።

ታላቅ ወንድሜ ናቲም ይህንኑ ክኒን "ያዞረኛል" ብሎ ነበር ያቆመው። አምና ቀበርነው። አሁን እማዬ ስውጥ ቆማ ታየኛለች፤ ከዋጥኩ በኋላም "እስቲ አፍህን ክፈት" ትላለች።

ዛሬ ጠዋት ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ ለብሩክ ነገርኩት። እሱ ደግሞ ለክፍሉ ሁሉ!

ቲቸር ሲገቡ ያንን ትርኢት አዩና፣ "ምነው፣ ጡረታ ወጣችሁ እንዴ?" አሉ።

"ዮኒን እየጠበቅን ነው፣ ቲቸር!" አለ ብሩክ።

ቀስ ብዬ ቆምኩ። አላዞረኝም።

ቤት ስገባ የዛሬውን ክኒን ውጬ፣ እማዬ ሳትጠይቀኝ አፌን ከፍቼ አሳየኋት።

እናንተስ መድኃኒት ስትጀምሩ ምን ጉድ ገጠማችሁ? ጻፉልኝ፤ ለብሩክ ግን እንዳትነግሩት።