የጋሼ መስመር ቅናት

ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ መስመር ይለዋል። ኢንተርኔት ብርቅ በነበረበት ጊዜ ጣሪያ ለጣሪያ እየተንጠለጠለ ገመድ የዘረጋው፣ ከትልቁ ድርጅት በጅምላ ገዝቶ ለየቤቱ ያከፋፈለው እሱ ነው። ቢሮው የመኖሪያ ቤቱ የፊት ክፍል ሲሆን፣ የሰፈሩ ኢንተርኔት በሙሉ የሚያልፍበት ማሽን እዚያ ጥግ ላይ ሲያጉረመርም ይውላል። ከበሩ በላይ «መስመራችን አይመርጥም» የሚል ማስታወቂያ ሰቅሏል። ለይስሙላ አልነበረም። ደንበኛው ፊልም ይይ፣ ትምህርት ይከታተል፣ ከፈለገው ሰው ጋር ያውራ፣ የእሱ ሥራ ሁሉንም እኩል ማሳለፍ ብቻ እንደሆነ አፉን ሞልቶ ይናገር ነበር። ታናሽ ወንድሙንም ሙያውን ያስተማረው ይህንኑ እየነገረ ነው።

ታናሽዬው ግን ሙያውን ከጨበጠ በኋላ መንገዱን ተሻግሮ የራሱን ከፈተ። አዲስ ፋይበር፣ አዲስ ሞተር ብስክሌት፣ ስልክ ስታነሳ «ምን እንታዘዝ?» የምትል ጸሐፊ። ደንበኛው እየተንጠባጠበ ወደዚያ ሄደ። ጋሼ መስመር ይህንንስ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ያልቻለው የእናቱን ሳቅ ነው።

እናቱ የሚኖሩት እሱ ጋ፣ ከቢሮው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። አመሻሽ ላይ ታናሽዬው በቪዲዮ ይደውላል። «ማሙሽዬ! ምነው ከሳህብኝ?» ይላሉ፤ ፂሙ ሽበት የጀመረውን ጎልማሳ! ከዚያ ሳቃቸው ግድግዳውን አልፎ ይመጣል። መድኃኒት የሚገዛው፣ ሐኪም ቤት የሚወስደው፣ የዋይፋያቸው ገመድ በወጣ በገባ ቁጥር እየተነቀለ ሲያስቸግር እያጉረመረመ ገብቶ ሰክቶ የሚወጣው ታላቅዬው ነው። የእሱ ስም ግን «አንተዬ» ነው። እኔ እያለሁላቸው ማሙሽ በስክሪን ይነግሥብኝ እያለ ሆዱ ይቃጠል ነበር።

አንድ ቀን እንዲሁ ሳቁን ሲሰማ ደሙ ፈላና ወደ ማሽኑ ዞረ። ከእሱ መስመር ወደ ታናሽዬው፣ ከታናሽዬውም ወደ እሱ የሚያልፈውን ብቻ ለይቶ ፍጥነቱን አነቀው። ሌላው እንደወትሮው ይሮጣል። ከግድግዳው ወዲያ «ማሙሽ? ምነው አፍህን እንደከፈትክ ቀረህ?» የሚል ድምፅ መጣ። የጋሼ መስመር አንጀት ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ብቅ አለ። «የወንድምህ ኢንተርኔት ምን ነካው? የእሱ ደንበኛ የሆነችው እህቴ ዘንድ ስደውል ይንቀራፈፋል። ሌላው ሰው ጋ ግን ምንም አይልም።»

«ጀማሪ አይደል፣ ምን ታደርገዋለህ» አለ ጋሼ መስመር፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ደስታው ብዙም አልቆየ። ምሽት ላይ ታናሽዬው ራሱ ከች አለ።

«ጋሼ፣ እማዬ ጋ ስደውል እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። እኔ ጋ ያለውን ሁሉ ብፈትሽ ላገኘው አልቻልኩም። ያም ሆኖ ጥፋቱ የኔ ነው» አለና ወደ ማስታወቂያው በአገጩ ጠቆመ። «በአንተ በኩልማ እንደማይሆን አውቃለሁ። እስኪስተካከል በእግሬ እየመጣሁ አያታለሁ።»

ጋሼ መስመር ፊቱን ከማስታወቂያው አዞረ።

ታናሽዬው እንዳለውም በየምሽቱ መጣ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግራቸውን ያሻል፣ የደንበኞቹን ንግግር እያስመሰለ ያስቃቸዋል። ሳቁ በስልክ ከነበረው እጥፍ ሆነ። ጋሼ መስመር ከግድግዳው ወዲህ ጆሮውን አቁሞ ተንገበገበ። በገዛ እጁ ጎትቶ ያመጣው መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አበሳጨው። በመጨረሻ አልቻለም፤ ያነቀውን ለቀቀና ታናሽዬው ሳይመጣ ቀድሞ ወደ እናቱ ክፍል ገባ።

«እማዬ፣ አስተካክዬዋለሁ። ከእንግዲህ ማሙሽ መልፋት የለበትም፣ በስልክሽ ታወሪዋለሽ።»

እናቱ ስልኩን ትራሳቸው ሥር ወሸቁት።

«ኧረ ተወው አንተዬ። እንደተበላሸ ይቆይልኝ።»

«ለምን?»

«ሲበላሽ መጣልኛ!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተስ ብትሆን፣ ካልተበላሸ መቼ ትገባለህ? ከግድግዳው ወዲያ ስትስል ነው የምሰማህ። ያ ገመድ በራሱ የሚነቀል ይመስልሃል?»

ጋሼ መስመር ገመዱን አየ፣ እናቱን አየ።

«አንቺ ነሽ የምትነቅይው?»

«ምን ላድርግ? አንተ ግን ሰክተህ ትወጣለህ።»

ብቸኛው ወንበር ላይ የታጠበ ልብስ ተቆልሏል። አልጋው ጫፍ፣ ታናሽዬው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀመጠና የእናቱን እግር እንደ አዲስ ዕቃ በጥንቃቄ ያዘ። ከውጭ ሞተር ብስክሌቱ ሲቆም ተሰማ። ታናሽዬው ሳቅ እያለ ገብቶ በር ላይ ቆመ።

ጋሼ መስመር ቦታውን አልለቀቀለትም።