የሉቪኒያ ሽጉጥ በቨርኒስ ቤት

ቨርኒስ ታሊቨር ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ አንድም ልጅ ተጎድቶባት አያውቅም፤ ቤቷ ግን ሦስት ጊዜ ተዘርፏል። በቺካጎ ዳርቻ ያለችው ከተማቸው ደግሞ ሽጉጥ በቤት ማስቀመጥን ከከለከለች ሃያ ምናምን ዓመት ሆኗታል። ክልከላው ሕገ መንግሥቱ የሰጠውን መሣሪያ የመያዝ መብት ይጥሳል ብለው የተነሡ ጠበቆች በስሙ ክስ የሚመሠርቱለት ነዋሪ ሲፈልጉ፣ ቨርኒስ «ከእኔ ሌላ ማን አለ?» አለች። እውነቷን ነበር።

ጠበቃው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ጎረቤቷ ሉቪኒያ ብራክስተን በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ በጓሮ በር ገባች። በአንድ ቤተ ክርስቲያን አርባ ዓመት አብረው ዘምረዋል።

«የሟቹ ባሌ ሽጉጥ ነው። ጠበቆቹ እኔንም ሊያነጋግሩኝ ነው አሉ፤ ለሁለት ቀን ያዥልኝ።»

«አንቺ ደግሞ ምን ተሰረቀብሽና ነው? የሣር ማጨጃ?»

«ብስክሌትም አለበት» አለች ሉቪኒያ ኮስተር ብላ።

ቨርኒስ ሳቀችና ሽጉጡን በበቆሎ ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ቀበረችው።

በማግስቱ ጠበቃው ሦስቱንም ዝርፊያ ጽፎ ሲጨርስ «አሁን በዚህ ቤት ሽጉጥ አለ?» ሲል ጠየቃት። ቨርኒስ መዋሸት አይሆንላትም። «አለ» አለች። የማን እንደሆነ ግን አልተናገረችም፤ ጓደኛን ማጋለጥ ነውር መሰላት። ጠበቃው ሕጉን የሚከስ ሰው ራሱ ሕጉን ያከበረ መሆን አለበት ብሎ ደብተሩን ዘጋና መንገዱን ተሻግሮ ሉቪኒያ ቤት ገባ። ሉቪኒያም በቤቴ ሽጉጥ የለም ብላ ማለችና ከሳሿ እሷ ሆነች።

ያ መሐላ ስላለባት ክሱ እስኪያልቅ ሽጉጡን መልሳ መውሰድ አልቻለችም። ክሱ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ለቨርኒስ ሁለቱም ዓመት እሳት ነበር። ክሱ በሉቪኒያ ስም ይጠራ ጀመር፤ ፎቶዋ ከጋዜጣ ተቆርጦ ጸጉር ቤቱ መስታወት ላይ ተለጠፈ። ፓስተሩ «ጀግናችን እህት ሉቪኒያ፣ እስቲ ቁሚልን» ባለ ቁጥር ቨርኒስ እዚያው መዘምራኑ መካከል የመዝሙር ደብተሯን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን የሚጠራው ስም፣ የሚለጠፈው ፎቶ የእሷ መሆን ነበረበት፤ ሳህን ስታጥብም ይህንኑ ለራሷ ታጉረመርማለች። ሉቪኒያ ለፍርድ ቤት አዲስ ባርኔጣ መግዛቷን የሰማች ዕለትማ እህል አልቀመሰችም።

ፍርድ ቤቱ ክልከላውን በሻረ በሳምንቱ ሉቪኒያ በዚያው በጓሮ በር መጣች። ባርኔጣውን አድርጋለች።

«እህቴ፣ ያቺን ዕቃዬን ልውሰዳት።»

ቨርኒስ ዓሣ በዱቄት እያሸች ነበር። ዞር አላለችም።

«ፓስተሩ ሲያስቆምሽ ሽጉጡ የት እንደነበረ ተናግረሽ ታውቂያለሽ?»

«ምን ብዬ ልናገር? ሰው ምን ይለኛል?»

«እኔ አንዲት ቃል ብዋሽ ኖሮ ያ ባርኔጣ እኔ ራስ ላይ ነበር።»

«ተይ እንጂ ቨርኒስ። ዕቃዬን ስጪኝ።»

«አልሰጥም። ክሰሺኝ፤ ልምዱ አለሽ።»

ሉቪኒያ ባርኔጣዋን አስተካከለች። በቤቴ ሽጉጥ የለም ብላ የማለች ሴት ምን ብላ እንደምትከስ አሰበች መሰለኝ፣ በመጣችበት በር ወጣች። ቨርኒስ ዓሣውን ዘይቱ ውስጥ ጨመረች። በእነዚያ ሁለት ዓመታት እንደዚያ ቀን ጣፍጧት በልታ አታውቅም።