ቦሌ የገባበት ሳጥን

የሬሳ ሳጥን የሚሠራ አናጢ እንኳ መጀመሪያ ይለካል። የእኛን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ የሠራው ባለሙያ ግን ሳጥኑን ከመታ በኋላ ነው ሟቹ ማን እንደሆነ የጠየቀው። ሰውዬው ከትልቅ ከተማ ሰቆጣ ድረስ መጥቶ፣ ሳምንት ሰንብቶ፣ የአገሩን ፍየል እኩሌታውን ጨርሶ ሄደ። ፍየሉስ ይተካል።

እኔ በዚያ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ይህ ማለት ፕሪንተር ያነቀውን ወረቀት ከጉሮሮው አወጣለሁ፣ ኃላፊያችን የረሱትን የይለፍ ቃል አስታውሳቸዋለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ይሆናል ማለት ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም። ብጽፈውም ገጹ አይበቃኝም፤ በእኛ አገር የመሥሪያ ቤት ስም በአንድ ትንፋሽ ለማንበብ የመሪጌታ ደረት ይፈልጋል።

ባለሙያው የሠራልን ገጽ አዲስ የተመደቡ የጤና ሠራተኞች የሚሄዱበትን ቦታ የሚያዩበት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሳጥን፣ በሳጥኑ ውስጥ የምደባው ቦታ። የሳጥኑን ቁመትና ስፋት ግን በቁጥር ቸነከረው። ጽሑፉ ቢረዝም ሳጥኑ ንቅንቅ አይልም፤ የተረፈውን ይቆርጥና ሦስት ነጥብ ያስቀምጣል። ሲያስረክበን ሞክሮ አሳየን። በምን ሞከረው መሰላችሁ? «ቦሌ» ብሎ ጽፎ። ገባ። ተጨበጨበ። ቦሌ የገባበት ሳጥን ዋግ ኽምራንም ያስገባል ብሎ የሚያምን ሰው በቀለበት ማስቀመጫ ግመል ከማጓጓዝ አይመለስም።

ምደባው የወጣው ዓርብ ጠዋት ነበር። ገጹን ከፈትኩት። የመጀመሪያው ሰው የተመደበው «በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር…»። ሁለተኛውም «በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር…»። እስከ ታች ወረድኩ። ሁሉም ወደ ሦስት ነጥብ ተመድቧል። ዘበኛችን፣ አማርኛቸው ላይ ኽምጣኛ ጣል የሚያደርጉ አዛውንት ናቸው፣ ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ሦስት ነጥብ የሚባለው ወረዳ አዲስ የተቋቋመ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ፣ ቆላ ነው አልኳቸው። ለተመደቡት አዝነው ከንፈራቸውን መጠጡ።

በሩ ላይ ከሚጠብቁት መካከል ከጎንደር በኩል የመጣች ነርስ ነበረች። ጀርባዋ ላይ ሕፃን፣ እግሯ ሥር የተጠቀለለ ፍራሽ። ባሏ ጽጽቃ አስተማሪ ነው፤ ልጁን እስካሁን ያየው በስልክ ብቻ ነው። እዚያው እንድትመደብ አመልክታ ነበር። ሰኞ ጠዋት በተመደበችበት ጤና ጣቢያ ካልተገኘች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የጽጽቃው መኪና ደግሞ ከቀትር በፊት ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ሰኞ የለም። ምደባዋ ጋዝጊብላ ወይም ፃግብጂ የሚባሉት ሌሎች ወረዳዎች ሆኖ በግምት ጽጽቃ ብትሄድም ያው ነው፤ ሥራው ይቀራል።

ስልኳን አሳየችኝ። በስልክ ሲሆን ሳጥኑ ይባስ ጠብቦ «በዋግ ኽም…» ብሎ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ከነጥቦቹ ወዲያ ምን አለ?» አለችኝ።

ገጹን መንካትም ሆነ ከኋላ ገብቶ ማየት ያለ ኃላፊያችን ፈቃድ ክልክል ነው። በወረቀት እንዳይታይ ደግሞ ወረቀት የለም፤ ከወረቀት ነፃ ሆንን ተብሎ ኬክ ተቆርሶበታል።

ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። የዞኑን ስም እናሳጥረው ብላቸው ማዕረግ አይቆረጥም አሉ። ሳጥኑን እናስፋው ብላቸው ርክክብ የተፈጸመበት፣ ማኅተም ያረፈበት ነገር አይነካም አሉ። ይልቅ ፊደሉን አሳንሰው አሉኝ። አሳነስኩት። ቁንጫ ለቁንጫ የጻፈችው መልእክት መሰለ። ዓይናችንን አጥብበን ስናነብ «በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ሥር ከሚገኙ ወረዳዎች መካከል…» ይላል። መካከል! ኃላፊያችን ግን አሁን እኮ ብዙ ተሻሽሏል ብለው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ።

ያን ጊዜ የልጃቸው ሠርግ ትዝ አለኝ። በእኛ ዘንድ ዳስ ሲጣል አንዱ ወገን አይዘጋም፤ እንግዳ ሲበዛ በዚያ በኩል ምሰሶ ይጨመራል፣ ሸራ ይቀጠላል። የእሳቸው ዳስ ደግሞ የጎረቤቱን ግቢ ውጦ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ በማግስቱ ሸራ ባያልቅ ኖሮ ላሊበላ ይገባ ነበር።

«ለልጅዎ ሠርግ ዳሱን ስንት በስንት ብለው ነው ያስጣሉት?» አልኳቸው።

«ዳስ ደግሞ ይለካል እንዴ? እንደ እንግዳው ነዋ።»

«እንግዲያ ይህ ባለሙያ ጥሎልዎት ቢሆን ኖሮ ሙሽራዋ ትገባለች፣ ሙሽራው ይገባል፤ እርስዎ ሦስት ነጥብ ሆነው ደጅ ይቀራሉ።»

መስኮቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ሳቃቸውን በሳል ለወጡት።

«በል ንካው። ከተበላሸ ግን ተጠያቂው አንተ ነህ።»

መቼ ሳልሆን ቀርቼ።

ፊደሉን ወደ ነበረበት መልሼ መጀመሪያ ስፋቱን ለቀቅኩ። ጽሑፉ ወደ ታች ሊታጠፍ ሲል የተቸነከረው ቁመት ያዘው፤ መስመሮቹ እንደ ኢሱዙ ተሳፋሪ አንዱ ባንዱ ላይ ወጡ። የቁመቱንም ቁጥር ነቀልኩና ሳጥኑ እንደ ይዘቱ እንዲረዝምና እንዲሰፋ አዘዝኩት። ቡና አፍልቶ ለመጠጣት እንኳ የማይበቃ ሥራ ነው፤ ያ ሰውዬ አንድ መንጋ በልቶ ያልሠራው። ሳጥኑ ቀበቶውን እንደ ፈታ ሰው ተነፈሰ፤ «…ወረዳዎች መካከል በዝቋላ ወረዳ በጽጽቃ ከተማ በሚገኘው ጤና ጣቢያ።»

ነርሷ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ ሽቅብ አደረገችና «መኪናው ሄዷል?» አለችኝ።

ፍራሹን እኔ ተሸከምኩ። መናኸሪያ ስንደርስ የጽጽቃው መኪና ሞተሩን አስነስቷል፤ ውስጡ ያለው ሰው የአንድ ቀበሌ ነው፣ ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ የሌላ። ረዳቱ ሞልቷል ብሎ በሩን ሊስበው ሲል አንዲት እናት ከውስጥ ሕፃኑን አዩት።

«ጠጋ በሉ እንጂ፣ እናንተ። አራስ ልጅ ይዛለች።»

ተጠጋጉ። ለሦስት የተሠራው ወንበር አምስተኛ ሰው ተቀበለ። አንዱ አዛውንት ዶሯቸውን ጭናቸው ላይ አወጡ፣ ሌላው ጉልበቱን አጠፈ፣ ፍራሹ ጣሪያ ላይ ወጣ። ነርሷ ገባች፤ በሩ በሁለተኛው ምት ተዘጋ። መኪናው ሲነቃነቅ በመስኮት የአንድ ሰው ክርን ወጥቶ ይታያል። የእኛ ባለሙያ ረዳት ቢሆን ኖሮ ክርኑን ቆርጦ ሦስት ነጥብ ያስቀምጥለት ነበር።